የተቀባዮቹ ቦታ

የሐኪሙ ቀጠሮ ለሐሙስ ነበር። በጋሼ ሐምዱ ጉሮሮ ውስጥ የበቀለው ነገር ተቆርጦ ይወጣል፤ ነፍሳቸው ትተርፋለች፤ ድምፃቸው ግን አብሮ ይሄዳል። ሐኪሙ ይህን የነገረው ለልጃቸው ለሱሀይር ነበር። ቀኑ ሐሙስ መሆኑ ደግሞ አንገበገባት። ጋሼ ሐምዱ ጎጃም በረንዳ ሠላሳ ዓመት ጣቃ ሲሸጡ ቢኖሩም፣ ሐሙስ ሐሙስ ሲመሽ ነጋዴነታቸውን ከሱቁ ጋር ቆልፈው መንዙማ የሚያወጡ ሰው ነበሩ።

ሱሀይር እሑድ ዕለት ባዶ ካሴት ገዝታ በቤቱ ቴፕ ቀዳቻቸው። መልሳ ስታሰማው ቅስሟ ተሰበረ። ክፍሉ በጣቃና በፍራሽ የታጨቀ ስለሆነ ድምፃቸው ከጆንያ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል።

«ይኸ ጋሼ ሐምዱ ናቸው? እኔ ቆራሌው መስሎኝ!» አሉ ጎረቤታቸው እትዬ ባይነሽ በራፉ ላይ ቆመው። የማያውቁት ነገር የለም። «ኢኮ የለውማ! በሬዲዮ የምትሰሚያቸው ሁሉ ኢኮ አላቸው። ያለ ኢኮማ እኔም እነሱም አንድ ነን።»

ሰኞ አባትና ልጅ ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ከፍ ብሎ ወዳለው የፈለቀ ሬዲዮ ቤት ሄዱ። ሰዓት እላፊው የምሽት ክበቦቹን ካዳከማቸው ወዲህ የተበተነ ባንድ ሁሉ ዕቃውን የሚጥለው እሱ ዘንድ ነው። ፈለቀ ዕቃ ሲያሳይ ልጁን የሚድር ነው የሚመስለው። ኢኮ ሲሉት ሁለት መሣሪያዎች አውጥቶ አቧራቸውን በእጅጌው ጠርጎ ባንኮኒው ላይ ደረደራቸው።

«ይሄ ቴፕ ኢኮ ነው እህቴ። ውስጡ የሚዞር ቴፕ አለው፤ የሰማውን ይዞ ይመልሳል። አንዴ ካልሽው አንዴ፣ አምስቴ ካልሽው አምስቴ። ይሄኛው ስፕሪንግ ነው፤ እንደ አልጋ ሽቦ። ድምፁን ትንሽ ያርገበግብና ዝም ነው፤ አዳራሽ ውስጥ ያለሽ ያስመስላል፣ አለቀ። እኔን ከጠየቅሽኝ የመጀመሪያውን ነው።»

ሱሀይርም ልቧ ያረፈው የመጀመሪያው ላይ ነው። ምክንያት ነበራት። መንዙማ አውጪው አንድ ስንኝ ብሎ ዝም ይላል፤ ተቀባዮቹ «ሰላም ይድረስዎ» እያሉ ይመልሱለታል፤ እሱ በዚያች ፋታ ትንፋሹን ይሰበስባል። ጋሼ ሐምዱ ሦስት ተቀባዮች ነበሯቸው። ሲዘገዩባቸው ምንጣፉን በመዳፋቸው ጠብ ጠብ እያደረጉ ያጣድፏቸው ነበር። አንዱ ሞተ። አንዱ ጅዳ ገባ። ሦስተኛው ሀያቱ ነው፤ ሰው የወንድሙን ስም እንኳ ጮክ ብሎ በማይጠራበት በዚያ ሰሞን ከሱቁ ጠርተው ወሰዱት። ሱቁ እስከ ዛሬ እንደተዘጋ ነው። ጋሼ ሐምዱ ግን ብቻቸውን ሲያዜሙም ስንኙን ብለው ይጠብቃሉ። ሱሀይር የማትችለው ያንን ዝምታ ነው። በካሴቱ ላይ እንዲቀር አልፈለገችም። ኢኮው ይሙላው።

ፈለቀ ማይኩን አቀበላቸው። ጋሼ ሐምዱ በአንገታቸው ላይ የተጠመጠመውን ሻርፕ ላላ አድርገው አንድ ስንኝ አሉ።

«መንገዱ ቢረዝም ልቤ አይታክትም…»

ዝም ሲሉ መሣሪያው ተቀበላቸው። የገዛ ድምፃቸውን፣ መጀመሪያ ሙሉውን፣ ቀጥሎ ሳሳ አድርጎ፣ ቀጥሎ እንደ ጥላ። በበራፉ የሚያልፍ ወዛደር ከነሸክሙ ቆሞ ቀረ።

«ማነው ይሄ?» አሉ ጋሼ ሐምዱ።

«እርስዎ ነዎታ ጋሼ!» አለ ፈለቀ ደረቱን ነፍቶ።

«እኔማ ብዬ ጨረስኩ።» ማይኩን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡት። «አጥፋው ልጄ።» ከዚያ ወደ ሱሀይር ዞሩ። «በሀያቱ ቦታ እኔኑ ልታስቀምጪ ነው?»

ፈለቀ ስሙን ሲሰማ ወደ በሩ አየት አደረገ። ወዛደሩ መንገዱን ቀጠለ።

«ቦታው ባዶ ነው እኮ አባባ» አለች ሱሀይር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ባዶውን ሰው እንዲሰማው አልፈልግም።»

«እየጠበቅሁ እኮ ነው። ሰው የሚጠበቅበት ቦታ ባዶ ይባላል?»

ያ ሁሉ አፍ ያለው ፈለቀ ሳይጠየቅ ገመዱን ነቅሎ ስፕሪንጉ ላይ ሰካው። ጋሼ ሐምዱ ያንኑ ስንኝ አሉ። ድምፃቸው ትልቅ ቤት ውስጥ የገባ ያህል ሰፋ፤ ጫፉ ትንሽ ተርገበገበና ጠፋ። ዝምታው እንደ ንጹሕ ምንጣፍ ተዘርግቶ ቀረ።

«ይኸኛውን» አሉ።

ማክሰኞ ፈለቀ ራሱ ስፕሪንጉን ከነገመዱ ተሸክሞ ቤታቸው መጥቶ ገጠመላቸው። እትዬ ባይነሽ ዶሮዎቻቸውን ቆለፉ፤ አፋቸውንም ዘጉ፤ የከበዳቸው ሁለተኛው ነው። ጋሼ ሐምዱ ሰባት ስንኝ አሉ፤ በየስንኙ መሐል ጠበቁ። ሰባተኛው ላይ ድምፃቸው ተሰነጠቀ። ሱሀይር «አንዴ እንድገመው?» ብትላቸው በእጃቸው «ይበቃል» አሏት።

ሐሙስ ሐኪም ቤት ገቡ።

በአራተኛው ሳምንት አንገታቸው በጨርቅ ተጠቅልሎ ወደ ቤት ተመለሱ። ምንጣፋቸው ላይ ከተቀመጡ በኋላ ወደ ቴፑ ጠቆሙ። ሱሀይር ካሴቱን ከተተች። የመጀመሪያው ስንኝ አለቀ፤ ጫፉ ተርገብግቦ ጠፋ፤ ዝምታው መጣ። የካሴቱ ሽሽ የሚል ድምፅ ብቻ ይሰማል። ጋሼ ሐምዱ ከንፈራቸውን አላነቃነቁም። ቴፑን አዩት፤ ከዚያ እሷን አዩዋት።

ሱሀይር ዕድሜዋን ሙሉ መንዙማውን የሰማችው ከመጋረጃ ጀርባ ነው። ቃሉን ሁሉ ታውቀዋለች፤ አባቷ ፊት ግን ድምፅ አውጥታ አታውቅም።

«ሰላም ይድረስዎ» አለች።

ዘግይታ ነበር፤ ቀጣዩ ስንኝ መጥቶ ተደረበባት። በሁለተኛው ፋታ እንደምንም ደረሰች። በሦስተኛው ከግድግዳው ወዲያ ሌላ ድምፅ ታከለበት፤ እትዬ ባይነሽ ናቸው፤ ቃሉን ገደል ከተውታል፣ ዜማውን ግን ይዘውታል። ሱሀይር እያለቀሰች ሳቀችና አራተኛው አመለጣት።

ጋሼ ሐምዱ መዳፋቸውን አንስተው ምንጣፉን ጠብ ጠብ አደረጉ።