ትልቁን ውሰጂ

አራሚዋ የመጻሕፍት ረቂቅ የምታርመው እቤቷ ተቀምጣ ነው። ከመስኮቷ ሥር ብየዳ ቤት ከተከፈተ ወዲህ የብረት መቁረጫው ቀኑን ሙሉ ሲያጓራ ስለሚውል አንዱን ገጽ ሦስት ጊዜ ታነበዋለች። ባሏ ግን ወር ሙሉ ስታማርር «ትለምጂዋለሽ» ከማለት በቀር ምንም አላደረገም። ታላቅ እህቱ እትዬ መጥታ አብራቸው መኖር በጀመረች በሳምንቱ ነው ድንገት ሁለት ካርቶን ይዞ ከች ያለው።

«ምረጪ፤ ያልፈለግሽውን እመልሰዋለሁ።»

አንዱ ጆሮን የሚሸፍን፣ በባትሪ እየሠራ የውጭውን ጩኸት የሚያጠፋ ሄድፎን ነው። ሌላው ጫፉ ጎማ የሆነ፣ ጆሮ ውስጥ የሚወተፍ ትንሽ ኤርፎን።

«ትልቁን ውሰጂ» አላት ገና ሳትነካቸው። «ቤቱ ቢናድ አትሰሚም።»

ያለ ነገር እንዲህ አይጣደፍም፣ አለች በልቧ። ቢሆንም ትልቁን ወሰደች።

ቁልፉን ስትጫነው የመቁረጫው ጉርምርምታ ድራሹ ጠፋ። መሣሪያው የሚያጠፋው ግን እንዲያ ያለውን የማያቋርጥ ጩኸት እንጂ የሰው ንግግር አልነበረም። መቁረጫው ሸፍኖት የቆየው የጓዳ ሹክሹክታ ጥርት ብሎ መጣ።

«ሰምታ ይሆን?» የእትዬ ድምፅ ነው።

«የት ትሰማለች! ትልቁን አድርጋለች እኮ» አለ ባሏ።

«ካወቀች በዚያው ቀን ከዚህ ቤት እወጣለሁ።»

«አይዞሽ። ብቻ ፊርማሽን ልመጂ።»

ፊርማ! ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእሷ ግን ያን ቀን ዘመድ ሆነላት። ምን ላይ ሊያስፈርማት ነው? ቤቱን ሊያዞርላት ይሆን? አራት ቀን ሙሉ አንድ መስመር ሳታርም አዳመጠች። ባሏ «ማዳመጫው እንዴት ነው?» ባላት ቁጥር «ጭጭ ነው» ትለዋለች፣ ዓይን ዓይኑን እያየች።

በአምስተኛው ቀን አልቻለችም፤ የጓዳውን በር በረገደችው። እትዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ደብተር ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ እርሳሱን እንደ መዶሻ ጨብጣ ስሟን ስትጽፍ አገኘቻት። በሃምሳ ዓመቷ ፊደል እየቆጠረች ነበር።

«አንቺን አፍራ ነው» አለ አጠገቧ የተቀመጠው ባሏ። «የሰው ፊደል ስትለቅሚ የምትውይውን።»

አራሚዋ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። እትዬ ሦስት ቀን አላናገረቻትም። አራሚዋም ትልቁን ባለ ጎማው ትንሽ ኤርፎን አስለወጠችና ወተፈችው፤ መቁረጫው እንደ ነገሩ ያጉረመርማል፣ የጓዳው ወሬ ግን አይደርሳትም።

በአራተኛው ቀን ትከሻዋን የሚነካ እጅ ተሰማት። እትዬ ናት፣ ደብተሯን ይዛ፣ ፊቷን እንዳኮሳተረች።

«‹ጸ› እና ‹ፀ› ድምፃቸው አንድ ነው ይለኛል ወንድሜ። ይዋሻል አይደል?»

«አይዋሽም፣ እትዬ። አንድ ነው።»

እትዬ በጥርጣሬ አየቻት። «ታዲያ ለምን ሁለት አደረጋችሁት?»

አራሚዋ ወንበር ሳበችላት።