ከሰይጣን የተዋሰው ይቅርታ

እናቴ ለሰይጣን ታለቅሳለች። እውነቴን ነው። በምጽፈው የቴሌቪዥን ድራማ ውስጥ መንደር ሙሉ ያቃጠለ ሰይጣን አለ፤ ባለፈው ክፍል ቀንዱን በገዛ እጁ ሰብሮ ይቅርታ ሲጠይቅ እናቴ እያለቀሰች ደወለችልኝ።

«ያ ጀግና ተብዬ ቢገድለው ወየውልሽ! ንስሐ ገብቷል እኮ! ጀግናሽ ሁልጊዜ ላድን ብሎ ነው የሚያበላሸው።»

ወንድሜ መንደር አላቃጠለም። እሷ ሆስፒታል ተኝታ ሳለ የስፌት መኪናዋን ሸጦ ጠጣበት፣ «ሌባ ገባ» ብሎም ማለ። እኛን ያሳደገች መኪና ናት፣ አልክድም። ግን መጠጥ ከተወ ቆየ፤ የሚያድረው እኔ ቤት ሶፋ ላይ ነው። እናቴ ስሙ ሲነሳ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ትጨምራለች። ለሰይጣን የራራ ልብ ለልጅ እንዴት ድንጋይ ይሆናል?

«ሂድና ይቅርታ ጠይቃት» አልኩት።

«ምን ብዬ? መኪናዋን...»

«መኪናዋን አታንሳት! ቁስሉን አትነካካው። ይቅርታ ብቻ በል።»

ቅዳሜ ጠዋት ይዤው ሄድኩ። እናቴ በሩን ገርበብ አደረገች እንጂ ሰንሰለቱን አልፈታችም። ወንድሜ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ያቀጣጠልኩት እሳት ዛሬ እኔኑ ይበላኛል። ቀንዴን ሰብሬ ደጅሽ ላይ ወድቄያለሁ...»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የራሴን ጽሑፍ ቃል በቃል ሸምድዶት መጥቷል!

«የምን ቀንድ?» አለች እናቴ። «ይሄ የሰይጣኑ ነው። አንቺ ነሽ የጻፍሽለት?»

«አይደለሁም! ማለቴ፣ ጽፌዋለሁ፣ ግን ለሱ አይደለም!»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብላ በሩን መዝጋት ጀመረች።

«እማዬ፣ ለዚያ ቀንዳም አልቅሰሽ ለልጅሽ? ምን ዓይነት ፍርድ ነው?»

«ሰይጣኑ የኔን መኪና አልሸጠማ!»

በሩ ተዘጋ። ደረጃውን በእርግጫ መታሁት፤ ያመመው ግን እኔኑ ነው። ሁለቱም ሰለቹኝ። «ና እንሂድ፣ በቃኝ» አልኩት።

ወንድሜ አልተንቀሳቀሰም። ግንባሩን በሩ ላይ አስደገፈ።

«እማዬ፣ ሌባ አልገባም። የሸጥኳት እኔ ነኝ። ስወስዳት የጀመርሽው ቀሚስ እላይዋ ላይ ነበር። እሱን አውጥቼ አልጋሽ ላይ አጥፌ አስቀመጥኩት።»

ከውስጥ የእናቴ ድምፅ መጣ፣ ቀጭን ሆኖ።

«አውቃለሁ። ሌባ ቀሚስ አያጥፍም። እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከኝም?»

«ፈርቼ። ዛሬ እንኳ ልነግርሽ ነበር፤ አታንሳት ያለችኝ እሷ ናት።»

አየሁት። የእኔ ሶፋ ላይ የሚያድር ሰው!

ሰንሰለቱ ተፈታ፣ በሩ ተከፈተ። የእናቴ ዓይን ቀልቷል፤ በሰይጣኑ ጊዜ እንኳ እንዲህ አልቀላም። ወንድሜን በክንዱ ይዛ ወደ ውስጥ ሳበችው። ልከተል እግሬን ሳነሳ እጇን ደረቴ ላይ አደረገች።

«አንተ ግባ» አለችው። «አንቺ እዚያው ቆዪ።»