ከነቅርፊቱ የሚበላው አተር

ከሁለቱ እህትማማቾች ታናሽየዋ ነርስ ናት። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ በፌስታል እሸት አተር አንጠልጥላ መጣችና ኩሽናውን ያዘችው። አምስት ዓመት ሙሉ የእናታቸውን የስኳር በሽታ ከነመርፌው የተሸከመችው ታላቅየዋ፣ በራሷ ምድጃ ፊት እንደ እንግዳ ቆመች።

"አትፈለፍይውም እንዴ?"

"ኧረ ይሄ ከነቅርፊቱ ነው የሚበላው! አሰር አለው፤ ስኳሩ ወደ ደም ቀስ ብሎ እንዲገባ ያደርጋል። ቫይታሚን ሲውማ አይጠየቅም። ጥሬውን ሰላጣ ላይ ጣል ብታደርጊው፣ ከሩዝ ከፓስታ ጋር ብትቀላቅይው ይሆናል። ብቻ እሳት አታብዢበት።"

ጫፍ ጫፉን ቀንጥሳ በጎኑ ያለውን ክር ሳበች፤ በጠብታ ዘይትና በነጭ ሽንኩርት ሦስት ደቂቃ አገላበጠችው።

እናታቸው ቀመሱ። "እሰይ የኔ ልጅ! ዛሬ ገና አፌ ጣዕም አወቀ።"

ዛሬ ገና! አለች ታላቅየዋ በልቧ። እስከ ዛሬ ታዲያ ምን ሳበላት ኖሬያለሁ፣ ሣር?

ሰኞ ገበያ ወረደች። ፍሬው ሊፈነዳ የደረሰ፣ ወፍራም ወፍራሙን እሸት አተር መርጣ ገዛች። "የሷ ቀጫጫ ነበር" አለች በሆዷ። ክሩን ሳበች፣ ነጭ ሽንኩርቱን እጥፍ አደረገች፣ አቀረበች። የእናቷን ፊት ስታይ ራሷ መቅመሱን ረሳችው።

"እንዴት ነው እማዬ? ከቅዳሜው ይሻላል?"

እናቷ አኘኩ። አሁንም አኘኩ። "ይሻላል እንጂ። እጅሽ ይባረክ፣ ጨምሪልኝ።"

ከዚያ በኋላማ የእናቷ ምግብ ሦስት ቀን አተር በአተር ሆነ።

ሐሙስ ልብስ ልታጥብ ስትል ከእናቷ ሹራብ ኪስ የተቋጠረ መሐረብ አገኘች። ፈታችው። ታኝኮ ታኝኮ እንደ ገመድ የተድቦለቦለ የአተር ቅርፊት! ሮጣ ከድስቱ አንዱን አነሳችና ነከሰችው፤ እንደ ፌስታል አልዋጥ አላት።

እየመረራት ለታናሿ ደወለች።

"ውይ እህቴ፣ ለፍሬው የሚዘራውን ገዝተሽ ነው!" ታናሽየዋ በሳቅ ፈረሰች። "እሱ ተፈልፍሎ ነው የሚበላው። የኔ ሌላ ዘር ነው፤ ቅርፊቱ ስስ ነው፣ ፍሬውም ሳይሞላ ይለቀማል። ቅዳሜ ይዤልሽ ልምጣ?"

"አትልፊ። የሚሸጥበትን ንገሪኝና ራሴ እገዛለሁ።"

ስልኩን ዘግታ መሐረቡን እንደያዘች እናቷ ዘንድ ገባች። "እማዬ፣ የሷ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ትደብቂላት ነበር?"

እናቷ መሐረቡን አይተው አንገታቸውን ደፉ። "የሷማ ቢሆን እዚያው ፊቷ እተፋው ነበር።"

ታላቅየዋ ፈገግታዋ እንዳይታይባት ፊቷን አዞረች። መሐረቡን ለብቻው፣ በእጇ አጠበችው።