የዘንጉ ማሸጊያ

ላጲሶ የፓምፑን ዘንግ በጨርቅ እየጠረገ ነበር። ዝገቱ ሲለቅ ብረቱ ነጣ። ውኃው ወደ ሞተሩ እንዳያልፍ የሚያግደው ማሸጊያ ተቀዶ ዘንጉ ላይ ተንጠልጥሏል። የፋብሪካ አይደለም፤ ከአሮጌ የመኪና ከመነዳሪ፣ አየር ከሚሞላበት የውስጥ ጎማ፣ የተቆረጠ ነው። የቢላዋውን አካሄድ አወቀው። የራሱ እጅ ነው።

ሦስት ወር ሆኖታል። ግምጃ ቤቱ ማሸጊያ የለም አለው። ይህ የለሚ ኩራ የጋራ መኖሪያ ውኃ የሚደርሰው በሳምንት ሁለት ቀን ነው። ፈረቃው እንዳያልፍ ጎማውን ቆርጦ አስገባ፤ ዋናው ሲመጣ ሊቀይረው። ለማንም አልተናገረም። መዝገቡ ላይም አልጻፈም።

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ውኃው በተቀደደው ጎማ ሾልኮ የሞተሩን ሽቦ አረጠበ። ተረኛው ሃይደር የፓምፑ ድምፅ አላማረውም። ሁሉም እንደሚያደርጉት፣ ሙቀቱን ለማወቅ መዳፉን ሞተሩ ላይ አሳረፈ። ኤሌክትሪኩ ያዘው፤ እዚያው ቀረ።

«ሰዓት ነው እንዴ የምትጠግነው? መገናኛ ሄደህ ሱቅ ክፈታ!» አለ አለቃው መሐሪ፣ በሩ ላይ ቆሞ። «ሰው ውኃ ካየ ሳምንቱ ነው።»

«ጋሼ፣ ይሄን ይዩት።»

መሐሪ ጎንበስ ብሎ አየ። ፈገግታው ጠፋ።

«ማነው የሠራው?»

«እኔ።»

መሐሪ ዞር ብሎ በሩን ዘጋ። ከኪሱ የአደጋ ቅጹን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

«እዚህ ጋ፣ ‹ኃይል ሳያጠፋ በመንካቱ› በልና ፈርም። አለቀ።»

«ጠፍቶ የቆመ ሞተር ሙቀቱ ይታወቃል እንዴ?»

«አንተ ሰውዬ! የሞተ አይታሰርም። አንተ ግን ትታሰራለህ። ልጆችህን አታስብም?»

ላጲሶ ልጆቹን አሰበ። የሃይደርን ሚስት ፈዲላንም አሰበ። ትናንት ለቅሶ ሲደርስ ወደ ጥግ ጠርታው፣ «ላጲሶ ወንድሜ፣ አባቱ ‹ልጄ በገዛ ጥፋቱ ሞተ› እያሉ ነው። እውነት ነው?» ብላው ነበር። «ሲጣራ ይታወቃል» አላትና ጫማውን ፈልጎ ወጣ።

እጁን ጠርጎ ተቀመጠ። «ምክንያት» በሚለው መስመር ላይ ቀስ እያለ ጻፈ፦ ማሸጊያው ከጎማ የተሠራ ነበር። የሠራሁት እኔ ነኝ። ለሃይደር አልነገርኩትም።

መሐሪ ከኋላው ቆሞ አነበበ።

«እኔ አልነበርኩም፤ አላየሁምም» ብሎ ወጣ።

ላጲሶ ፈረመ። ቀኑን ጻፈ። ቀለሙ እስኪደርቅ ጠብቆ ቅጹን ለሁለት አጠፈና ከጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አኖረው።