በግራው በኩል

«ይሄ ማታቱ የሚሉት ታክሲ እኮ ገና ከመታጠፊያው ማዶ ሆኖ ነው የሚሰማው፤ ከነጡሩንባው፣ ከነሙዚቃው። ያልጠጣ ሰው ገጭቶ እስኪገድለው ድረስ እንዴት አይሰማም?» አለች እትዬ አያልነሽ፣ ከጎኗ ወዳለችው ለቀስተኛ ጠጋ ብላ።

ራሔል የቻይ ፔርሙዝ ይዛ ከኋላቸው ቆማ ነበር። ቀና ብላ እናቷን አየች። ብርነሽ ናይሮቢ ኪሌሌሽዋ ሰፈር ባለው ጠባብ ሳሎናቸው፣ ከሟቹ ባሏ ከዘርይሁን ፎቶ ሥር፣ በቀኝ ትከሻው በኩል ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ፊቷ አልተለወጠም፤ ግን ሰምታለች።

ጥቂት ቆይታ ልጇን ወደ ጓዳ ጠራቻት።

«ጠጥቶ ነበር እንዴ?»

«አልጠጣም፣ እማዬ።»

«ታዲያ እንዴት አልሰማውም? ዘርይሁን እኮ ነው።»

ራሔል መልሱን ታውቃለች። ግን ላትናገር ለአባቷ ቃል ገብታለች።

ቃሉን የገባችው በመስከረም፣ የሚሌኒየሙ ኮንሰርት ዕለት ነው። አባቷ በወጣትነቱ በሆቴል ባንዶች ቤዝ ጊታር ይጫወት ነበር። በኋላ ጊታሩን ሰቅሎ ከመድረኩ ትይዩ፣ ድምፅ ከሚያመጣጥነው ሚክሰር ኋላ ቆመ። ናይሮቢ ውስጥ የሐበሻ ዝግጅት ሲኖር ሞንታርቦ የሚያስተክለውም፣ ድምፁን የሚያስተካክለውም እሱ ነው። ራሔል ሲሠራ ቆማ ያየችው ግን ያን ቀን ብቻ ነበር።

ሰው ሳይገባ፣ ባዶው አዳራሽ መሀል ቆሞ አንድ ጊዜ አጨበጨበ። ግራ ጆሮውን ወደ ጣሪያው አዘንብሎ አዳመጠ። ወደ ሌላው ጥግ ሄዶ አጨበጨበ፤ አሁንም ግራውን አዘነበለ። በቀኙ ቆማ ምን እየሰማ እንደሆነ ጠየቀችው። አልመለሰላትም። ደገመችለት። ትከሻውን ስትነካው ደንግጦ ዞረ፤ ፊቷን ሲያይም ነገሩ እንደገባት ተረዳ።

«ከሞንታርቦ ጋር ጎረቤት ሆኜ ኖርኩ፣ ጎረቤቴ አንዱን ጆሮዬን በላው» አለ፣ ሊያስቃት። «ግድ የለም፤ ቤዝ ተጫዋች ድሮም በእጁ ነው የሚሰማው።» ከዚያ ሳቁን ተወ። «ግማሽ ጆሮ ያለው ሳውንድማን ማን ይጠራል? ለእናትሽም እንዳትነግሪ።» ቃል ገባችለት።

ባንዱ ሲጀምር ድምፁ ተደበላልቆ የዘፋኙ ቃል አይለይም ነበር። ዘርይሁን ሚክሰሩ ያረፈበት የእንጨት ጠረጴዛ ላይ መዳፉን ዘርግቶ ዓይኑን ጨፈነ። የታመመ ልጅ ግንባር የሚዳስስ ይመስል ነበር። በሌላው እጁ አንዷን ቁልፍ ጥቂት ዝቅ፣ ሌላዋን ጥቂት ከፍ አደረገ። ያኔ መሰንቆው ከዚያ ሁሉ ጫጫታ መሀል ብቻውን ወጣ፤ ቃሉ ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻው የተነገረ ያህል ጠራ። አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። ማንም ዞሮ ወደ ኋላ አላየም። ራሔል ግን ከዚያች መዳፍ ላይ ዓይኗን መንቀል አቃታት።

ከሳሎን «ሰው መጣ» ተባለና እናትና ልጅ ከጓዳ ተመለሱ። ጃፈር ነው፤ ከዘርይሁን ጋር ለዓመታት የሠራው የኢስሊ ሰፈር ልጅ። ገመድ የሚዘረጉትን፣ መብራት የሚሰቅሉትን ባልደረቦቹን አስከትሏል። ኬንያውያኑ በስዋሂሊ «ፖሌ ሳና፣ ማማ» እያሉ፣ እያጽናኑ የብርነሽን እጅ ያዙ።

በፎቶው ቀኝ ትከሻ በኩል ብዙ ወንበር ክፍት ነበር። ጃፈር አልፎት በግራው በኩል ግድግዳ ሥር ተቀመጠ። ሌሎቹም ተከተሉት፤ ቦታ ሲጠፋ መሬት ላይ ተደራርበው ተቀመጡ።

«እዚህ ወንበር ሞልቶ የለም እንዴ? እንደ ማታቱ ተሳፋሪ ምን ያጨናንቃችኋል?» አለች እትዬ አያልነሽ።

ጃፈር ፎቶውን አየ። «ለምዶብን ነው» አለ ዝግ ብሎ። «ከዘርዬ ጋር ስናወራ በዚህ በኩል ነው የምንቆመው።»

ራሔል ፔርሙዙን አስቀመጠች። ያውቁ ነበር። ሁሉም። አንዳቸውም ሳይነግሩት፣ አንዳቸውም ከሥራ ሳያርቁት፣ ዝም ብለው ጎን ቀይረውለት ኖረዋል።

በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተናግራ አታውቅም። ሆኖም እስከ እትዬ አያልነሽ እንዲደርስ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«እማዬ፣ አባዬ በቀኝ ጆሮው አይሰማም ነበር። ማታቱው የመጣው በቀኙ ነው።»

ብርነሽ ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አየችው። ነጠላዋን ሰብስባ ተነሣች። ጃፈርና ጓደኞቹ ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁላት፤ በግራው በኩል ተቀመጠች። ከዚያ ወደ ፎቶው ጎንበስ ብላ፣ ለእሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ማውራት ጀመረች።