አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ሞተር

ቱርቦ የሚሉት የውኃ ፓምፕ ጠጋኝ ነው። ስሙን ያወጡለት የሰፈሩ ሰዎች ናቸው፤ ወሬ ከጀመረ ማርሽ አይቀንስማ! እሱ የጠገነው ፓምፕ አንድ ቀን ውኃ ሲስብ ጉድጓዱን ከነድንጋዩ ገልብጦ ሊያወጣው ምንም አልቀረውም ይላል። ባለቤቱ «አጥፋው! አጥፋው!» ብሎ ባይጮህ የጎረቤቱም ጉድጓድ ተከትሎ ይመጣ ነበር። ሰው ይስቃል፣ እሱም አብሮ ይስቃል፣ ፓምፑ ግን እውነትም ይሠራል። ምክንያቱም ቱርቦ የማያፈርሳት አንዲት ሕግ አለችው፤ የተቃጠለ ሞተር ሲለውጥ ሁልጊዜ አንድ ቁጥር ከፍ ያደርጋል። «ሰው ለዕቃ አያዝንም፤ ይጭንበታል» ባይ ነው። ፓምፕ ደግሞ መሬት ላይ ቁጭ የሚል ነገር ነው፤ ክብደትህ ስንት ነው ብሎ የጠየቀው የለም።

ታላቅ ወንድሙ አናጢ ነው። ወላጆቻቸው በልጅነታቸው ስላለፉ ቱርቦን ያሳደገው እሱ ነው። ዳቦ ሲቆረስ ትልቁን ለታናሹ፣ ትንሹን ለራሱ፤ ብርድ ልብሱ ሲያጥርም የራሱን እግር ለብርድ ሰጥቶ ያድር ነበር። አሁን ዓይኑ እየከዳው ነው። ዳር ዳሩ ጨልሞበት፣ የቀረችው በቁልፍ ቀዳዳ የሚያዩትን ያህል ብርሃን ብቻ ናት። የዓይን ሐኪሙ ሳይሸፋፍን ነግሮታል፤ ዝናቡ እስኪገባ ይቺም ትዘጋለች።

አናጢው ይህን ሲሰማ መጋዙን ሰቀለና በደህናው ጊዜ የጀመራትን ነገር ለመጨረስ ተቀመጠ። ከመሬት ሆነው በሬዲዮ የሚያበሯት ትንሽ አውሮፕላን ናት። ዓይኑ ያልደረሰበትን በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ ላጋት፣ አጣበቃት፣ ቀይ ቀባት። ከመጨለሙ በፊት አንድ ጊዜ ስትበር ሊያያት ፈለገ። ሌላ ምንም አልጠየቀም። የቀረው ሞተሩ ነበር።

«ስድስት ተኩል ሲሲ አምጣልኝ» አለው ታናሹን። «አደራ፣ ከዚያ እንዳታልፍ። ክንፏን ያወፈርኩት ቀስ ብላ እንድትንሳፈፍ ነው። ቀስ ካላለች ዓይኔ አይይዛትም።»

«ገብቶኛል ጋሼ።»

ምኑ ይገባዋል! ቱርቦ የሰማው ያንኑ የልጅነቱን «ትንሹ ለእኔ» ነው። በሆዱ፣ «ዛሬስ አይሆንም!» አለ።

የሞዴል አውሮፕላን ሱቁ ጠባብ ሆኖ ጣሪያው በክንፍ ተሞልቷል፤ ረጅም ሰው ጎንበስ ሳይል አይገባም። ባለሱቁ ሁለት ሞተሮች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠለት። አንዱ የሕፃን ጡጫ ያክላል፣ ሌላው የጎረምሳ።

«አውሮፕላኗ ትከብዳለች?»

«ላባ ናት!»

«እሺ፣ ላባህ ስንት ኪሎ ናት?»

«ሁለት ከምናምን።»

«እንግዲያው ስድስት ተኩሉ ይበቃታል። ይተርፋታልም።»

«አሥሩስ?»

«እሱ ከባድ ነው፤ አፍንጫዋን ይደፋታል።»

«ጭራዋ ላይ ክብደት እንጨምርላታለን!»

ባለሱቁ መነጽሩን አውልቆ ትኩር ብሎ አየው። «በፊትም በኋላም የከበደች አውሮፕላን ምን ትባላለች?»

«ጠንካራ!» አለ ቱርቦ፣ አሥሩን ብድግ አድርጎ።

ቤቱ ወስዶ አፍንጫዋን ቦርቡሮ አሰፋና ሞተሩን አሰረው። ከጎሚስታው የጎማ ማመጣጠኛ እርሳስ ለምኖ ጭራዋ ውስጥ ጠቀጠቀ። በጣቱ ሲያነሳት ሚዛኗ ልክ ሆነ፤ ጣቱን ግን አመመው። አናጢው ሊዳብሳት ሲመጣ እጁ አፍንጫዋ ላይ ቆም አለ።

«ይሄ ነገር አልወፈረም?»

«ጋሼ፣ እጅህ ነው የቀጠነው።»

አናጢው ሳቀ። ቱርቦም ሳቀ።

የኳስ ሜዳው ዳር ለአናጢው ወንበር ተደረገለት፤ ሚስቱ ጃንጥላ ይዛ ከኋላው ቆመች። አብራሪው ባለሱቁ ነው፤ ከወንድማማቾቹ አንዳቸውም ማብረር አይችሉም። አውሮፕላኗን ሲያነሳት ፊቱ ተለወጠ።

«ድንጋይ አጉርሰሃታል እንዴ?» አለው ቱርቦን በሹክሹክታ።

«ትነሳለች አትነሳም?»

«መነሳቱንስ ትነሳለች።»

ሜዳውን ከጎል እስከ ጎል በልታ፣ አጥሩን ለጥቂት ስታ ተነሳች። ጩኸቷ የሰፈሩን ውሻ ሁሉ ከእንቅልፉ አባነነ። አናጢው ቀና አለ። ፊቱ እንደ ልጅ በርቷል።

«የት ናት?»

«በቀኝህ ጋሼ! አሁን በላይህ! በግራህ... አለፈች!»

የአናጢው ራስ እየዞረ ተከተላት፤ ሲደርስ እሷ የለችም። ደግሞ ዞረ፣ ደግሞ የለችም። በዚያች ቀዳዳ ሰማይ ብቻ ነበር የሚገባው።

«ቀስ አርጉልኝ» አለ። «እባካችሁ፣ አላገኘኋትም።»

«ቀዝቀዝ አድርግለት እንጂ!» አለ ቱርቦ።

«ካቀዘቀዝኳት ትወድቃለች» አለ ባለሱቁ፣ ዓይኑን ከሰማይ ሳይነቅል። «ከብዳለች። ፍጥነቷ ነው የያዛት። ነዳጇም እያለቀ ነው።»

አናጢው ጉልበቱን ጨብጦ ሰማዩን ያስሳል። እንባው መውረድ ጀምሯል፤ ያቺኑ ቀዳዳ ደግሞ እንባው ሞላት። ሚስቱ በመሐረቧ ጠረገችለት።

«በፈጠረህ!» አለ ቱርቦ። «ትንሽ ብቻ! አንዴ ይያት!»

ባለሱቁ ጥርሱን ነክሶ አውሮፕላኗን ከወንበሩ ፊት ለፊት አመጣትና ጉልበቷን ቀነሰ። ጩኸቱ ረገበ። ቀይዋ አውሮፕላን አየር ላይ ቆም ያለች መሰለች። ከዚያ አንድ ክንፏ ዘመም አለ።

«አየኋት!» ብሎ አናጢው ከወንበሩ ተነሳ። «ቀይ ናት! አየኋት እኮ! እየወረደች ነው፣ ልታርፍ ነው አይደል?»

እንጨት ሲሰበር ተሰማ።

«አዎ ጋሼ» አለ ቱርቦ። «አረፈች። እንዴት ያለ ማረፍ መሰለህ፣ እንደ እርግብ...»

«ዝም በል። የእንጨት ድምፅ ለእኔ ነው የምትተረጉምልኝ?»

ቱርቦ ወደ ስብርባሪው ዞረ።

«ስንት ነው የከተትክባት?»

«አሥር።»

«ለምን?»

«አንዴ እንኳ ትልቁ ላንተ ይሁን ብዬ።»

አናጢው ወንበሩን በእጁ ፈልጎ ተቀመጠ።

«ትንሹ ይበቃኝ ነበር» አለ።

ባለሱቁ ክንፉ ተመልሶ እንደሚሠራ፣ አንድ ሁለት ወር ቢፈጅ ነው ብሎ ጀመረና፣ የሚስቲቱን ፊት ሲያይ ቃሉን ዋጠው። ከተራራው በላይ ደመናው ጠቁሯል። ቱርቦ ወንድሙን ሊደግፍ ክንዱን ዘረጋ፤ አናጢው ግን የሚስቱን ትከሻ ያዘ። ተቆጥቶ ይሁን አዝኖ ከአረማመዱ አይታወቅም። ቀስ ብለው ሄዱ።

ቱርቦ ስብርባሪው ጋ ተንበርክኮ መሬቱን በጣቱ ቆፈረ። ሞተሩን አወጣ፣ አፈሩን እፍ አለበት፣ በሸሚዙ ጠረገው። ዘንጉን በጣቱ አዞረው። ምንም አልሆነም፤ ጭረት እንኳ አልነበረበትም።