ይበልጥ የታጠበው ጎማ

ስታማታ ካቻቢቴውን ከተጎታቹ ግራ ጎማ መሃል ካለው ክዳን ስር አስገብታ በመዶሻ አንዴ መታችው። ክዳኑ ተፈናጥሮ ወጣና ሲሚንቶው ላይ ተንከባለለ። ጣቷን ወደ ውስጥ ሰደደች። ማር የመሰለ ንጹህ ግራሶ መውጣት ሲገባው ጣቷ ላይ የመጣው ወተት የበዛበት ቡና የመሰለ ነገር ነው፤ ስታሸው ደቃቅ ዝገት ይንኮሻኮሽ ነበር።

"ይኸው! ደግሞ ውሃ ገባ!" አለች ብቻዋን።

ከፋሲካ ወዲህ ጎማው የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታ ሦስት ጊዜ ቀይራለች። ጀልባ የሚጫንበት ተጎታች ሁልጊዜ ጎማው ባህር ውስጥ ይነከራል፤ ጨው እንደሚበላውም ማንም ያውቃል። ግን እሷ ማድረግ ያለባትን አንድም አላጎደለችም። ግራሶ በየወሩ ትሞላለች። ውሃ የሚከለክለውን የላስቲክ ቀለበት ትቀይራለች። ጎማው ከመንገድ እንደደረሰ ባህር አትከተውም፤ የጋለ ብረት ድንገት ሲቀዘቅዝ ውሃ ወደ ውስጥ ይስባልና እጇን አስደግፋ መብረዱን እስክታውቅ ትጠብቃለች። ደንበኞቿ "ጎማ ታስታምማለች" እያሉ ይስቁባታል።

ዛሬ ግን የሚስቅ አልነበረም። ባለፈው ማክሰኞ ይኸው ግራ ጎማ የቄሱን ጀልባ እንደጫነ ቤተ ክርስቲያኑ ዳገት ላይ ደርቆ ቀረ። ጀልባዋ አንድ ጎኗን ጥላ ግማሽ ቀን መንገድ ዘጋች፤ አውቶቡሱ ቆመ፤ መንደሩ በሙሉ ወጥቶ ምክር ሰጠ። ዛሬ ማታ የጀልባ ባለቤቶች ማህበር ይሰበሰባል። ሃምሳ ሁለቱ ጀልባዎች በስታማታ እጅ ይቆዩ ወይስ አዲስና አብረቅራቂ ተጎታች ላለው ለጎረቤት ከተማው ሰው ይሰጡ የሚለው የሚወሰነው ዛሬ ነው። ባሏ ፓንዴሊስ ወገቡን ታሞ የመርከብ ትኬት መሸጫ ወንበር ላይ ከተቀመጠ አምስት ዓመቱ ነው። "ሴት ደግሞ ጀልባ ልትጎትት?" እያሉ ሲያሽሟጥጡ ትራክተሩ ላይ የወጣችው እሷ ነች። ይህን ሥራ መነጠቅ ማለት ያ ሁሉ ሽሙጥ ልክ ነበር ማለት ነው።

የባሏ አባት፣ መንደሩ ሁሉ በአክብሮት ባርባ ሜሌቲስ የሚላቸው ሽማግሌ፣ ውሃ የሞላ ብርጭቆ ይዘው ከቤት ወጡ።

"ምን ሆነ ልጄ?"

"ውሃ ገብቶበታል አባባ።"

"ባህሩ ነዋ! ይሄ ሌባ!" አሉና ከብርጭቋቸው ተጎነጩ። "እኔ እኮ ትናንት ሩብ ሰዓት ሙሉ አጥቤዋለሁ። ዛሬም ጠዋት ደግሜለታለሁ። ግራውን እማ እንደ ሙሽራ ነው ያጠብኩት።"

"አውቃለሁ አባባ።"

"ያ የማህበሩ ሊቀመንበር፣ ያ ፋርማሲስት ግን 'አያጥቡትም' ይላል አሉ። ማጠቡ የማን ሥራ ነው? የኔ! እኔን መስደቡ ነው እኮ! በሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ጎማ ማጠብ ሊያስተምረኝ!"

ውሃው የእሳቸው ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሆናቸው ከወንድማቸው ጋር አሥራ አንድ ሜትር ድንጋይ ፈልፍለው ያወጡት ጉድጓድ ነው፤ ድርቅ የመታ ዓመት መንደሩን ያጠጣ። ቤተሰቡ ከከተማ የታሸገ ውሃ መግዛት ከጀመረ ቆይቷል፤ እሳቸው ግን ከጉድጓዳቸው ሌላ አፋቸው አያደርሱም። ጀልባ ከባህር በተመለሰ ቁጥር ፓምፑን ራሳቸው ያስነሳሉ፤ ቱቦውን ይዘው ጸበል እንደሚረጭ ቄስ ተጎታቹን ይረጩታል። ሰው "አጥቡት" ባለ ቁጥር ደግሞ ጨምረው ያጥባሉ።

ስታማታ ተጎታቹን ያነሳችበትን ክሪክ ወደ ቀኙ ጎማ ወሰደች። ይኼኛውም ሳይበላሽ አይቀርም ብላ ክዳኑን መታችው። ጣቷን ሰደደች። ግራሶው ጥቁር ወርቅማ ነው፤ ውሃ የለበትም፤ ዝገትም ብዙ የለበትም።

ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠችበት። ስታማታ አንድ ነገር ካልገባት ምግብ የማይበላላት ሰው ነች፤ ሕፃን ሳለች የአባቷን ሬዲዮ ፈታታ ተገርፋበታለች። ሁለቱ ጎማዎች የሚነከሩት አንድ ባህር ውስጥ፣ በአንድ ሰዓት ነው። አንደኛው ለምን ይበሰብሳል? ግራው ጠልቆ ይሆን? አይደለም፤ ጀልባ የሚወርድበት ተዳፋት ላይ ውሃ በግማሽ የሞላ ጠርሙስ አጋድማ ለክታዋለች፤ ልክ ነው። ጭነቱ ወደ ግራ ያዘነብል ይሆን? የጀልባዎቹ ሞተር መሃል ላይ ነው። ግራው ይበልጥ ይግል ይሆን? ሁለቱንም በየጊዜው በእጇ ትዳስሳለች፤ አንድ ናቸው።

"አባባ፣ እስቲ እንዴት እንደሚያጥቡት ያሳዩኝ።"

"አንቺም ልታስተምሪኝ ነው?"

"ልማር ነው።"

ይህ ደስ አላቸው። ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ፓምፑን አስነሱ። ፓምፑ ያለው በግራ በኩል ነው። ቱቦውን ግራው ጎማ መሃል ላይ አስጠግተው፣ ብሎኖቹን አንድ በአንድ እየዞሩ፣ እያጉረመረሙ አጠቡት። ከዚያ ወደ ቀኝ ሊሄዱ ሲሉ ቱቦው ሎሚው ዛፍ ላይ ተወጠረና ቆመ። ከሩቅ ሁለት ጊዜ ረጨት አደረጉለት።

"ይኸው ነው?" አለች ስታማታ።

"ቱቦው አጭር ነው። ቀኙን ለስሙ ያህል ነው የማደርሰው።" ትንሽ አፈሩ። "ንገሪው እንግዲህ ለፋርማሲስትሽ።"

"ቆይ እስቲ። ጠዋትም ማታም የሚታጠበው ግራው ነው?"

"ግራው።"

"ያልታጠበው ቀኙ ነው?"

"ታጥቧል! ለስሙ ታጥቧል አልኩሽ እኮ!"

ስታማታ ሳቀች፤ ሳቁ የመጣው ነገሩ አልዋጥላት ስላለ ነው። የሚታጠበው በሰበሰ፤ ያልታጠበው ዳነ። ዓይኗ ሎሚው ስር ወደቆመችው ባለ አንድ ጎማ የእጅ ጋሪ ሄደ። ሽማግሌው ፍግ በጫኑባት ቁጥር ያጥቧታል። ተነስታ ገለበጠቻት። ጎማው የሚዞርበት ብረት ቅርፊት ቅርፊት እየሆነ ይረግፋል፤ ጠርዙ ላይ ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር ጋግሯል። ልክ እንደ ግራው ጎማ።

"አባባ፣ ይቺ ጋሪ ባህር ወርዳ ታውቃለች?"

"ጋሪ ባህር ምን ልታደርግ ትወርዳለች? ልትዋኝ?"

ቀና አለች። የሎሚው ቅጠሎች ጫፍ ጫፋቸው ቡናማ ሆኗል። ሽማግሌው "ፀሐይ ለበለበው" ሲሉ ሦስተኛ በጋቸው ነው። ስታማታ ድስት ይዛ ከቱቦው ሞላችና ወደ ወጥ ቤት ገባች። ጋዙን አቀጣጥላ ድስቱን ጣደችው። አጠገቡ ቆማ ውሃው ሲንተከተክ፣ ሲጎድል፣ ጠርዙ ላይ ነጭ ቀለበት እየተወ ሲወርድ ተመለከተች። አዲሱን ኩሽኔታ አስገብታ ስትመለስ ድስቱ ስር ነጭ ቅርፊት ብቻ ቀርቷል። በጥፍሯ ፍቃ ምላሷ ላይ አደረገችው።

ጨው ነው።

መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነበር፤ እንደ ሕፃን እጇን አጨበጨበች። አገኘሁት! ወዲያው ግን ያገኘችው ምን እንደሆነ ገባትና ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከዓመት በፊት ሐኪም ለባርባ ሜሌቲስ ጨው ከልክሏል። በየሰኞው ፋርማሲስቱ ክሪሳንቶስ የደም ግፊታቸውን ይለካል፤ በየሰኞው መቶ ሰማንያ ነው። "እየተደበቁ ይበላሉ" ብሎ ይቆጣል። እሷም አምናዋለች። የጨው ዕቃውን ቁም ሳጥን ላይ ሰቅላለች፤ አንድ ቀን እንዲያውም ወይራ ሸሽገው እንደሆነ ብላ ኮታቸውን ፈትሻለች። ሽማግሌው የዚያን ቀን ኪሳቸውን ገልብጠው ሲያዩዋት የነበረው ፊታቸው ትዝ አላትና አፈረች።

ምሳ ቀረበ። ባርባ ሜሌቲስ ጨው የሌለው ነጭ ቦሎቋቸውን በወይራ ዘይት እያለሰለሱ፣ ከጆጋቸው ውሃ እየቀዱ ተቀመጡ። ስታማታ ድስቱን አጠገባቸው አኖረችው።

"ይቺን ይቅመሱልኝ።"

በጣታቸው ጫፍ ነኩና ቀመሱ። ፊታቸው በራ።

"ጨው! ዓመት ሙሉ ደብቀሽኝ ዛሬ ምን ተገኝቶ ነው?"

"ከጉድጓዱ ነው አባባ። አፍልቼው የቀረ ነው።"

ሽማግሌው ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

"ከየትኛው ጉድጓድ?"

"ከእኛው።"

"ባህሩ የት፣ እኔ የት! ሁለት ኪሎ ሜትር!"

"ታች ያሉት የብርቱካን እርሻዎች በጋውን ሙሉ ከጉድጓድ ውሃ ሲስቡ ከረሙ። ጣፋጩ ውሃ ሲያልቅ ባህሩ ከስር ይገባል። የነሱም መራራ ሆኗል ይባላል።"

"የነሱ አፈር ነው! የኔ ድንጋይ ነው!" ጠረጴዛውን መቱት። "ፓንዴሊስ ሲወለድ የታጠበው በዚህ ውሃ ነው! እኔ በየቀኑ ስጠጣው ጨው መሆኑን አላውቅም?"

"ቀስ በቀስ ነው የመጣው። በየቀኑ የሚጠጣ ሰው አይለየውም።" ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ኮትዎን የፈተሽኩ ዕለት... አጥፍቻለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

ሽማግሌው ጆጉን አነሱ፤ ወደ ብርሃኑ አድርገው አዩት፤ አንድ ጊዜ ተጎንጭተው አፋቸው ውስጥ አቆዩትና ዋጡት። ከዚያ ቆባቸውን አድርገው ወጡ። የስታማታ ልብ ተሰበረ። እንዲህ እንደሚያዝኑ ብታውቅ ኖሮ ይህን ከመንገር ሃያ ኩሽኔታ መግዛት ትመርጥ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ ወደቡ ወረደች። የዕለቱ ጀልባ የራሱ የፋርማሲስቱ ነበር፤ ክሪሳንቶስ የማህበሩ ሊቀመንበር ስለሆነ አንድ በአንድ ሊያይ አብሯት መጣ። ጎማዎቹ በረዱ፣ ተነከሩ፣ ጀልባዋ ወጣች፣ ዳገቱንም ያለችግር ወጡት። ግቢ ሲደርሱ ከሁለቱም ጎማዎች የባህር ውሃ ይንጠባጠብ ነበር።

ክሪሳንቶስ ከትራክተሩ ወርዶ እጁን አጣመረ።

"በይ አሁን እጠቢው፣ ልየው። ማታ ለሰዉ የምነግረው እንዲኖረኝ። ችግሩን አገኘሽው?"

ስታማታ ፓምፑን አየች። እውነቱን ብትናገር ሥራዋ ይተርፋል፤ ግን ከምሽቱ ስብሰባ በኋላ የባርባ ሜሌቲስ ጉድጓድ የመንደሩ ወሬ ይሆናል። ሽማግሌው የትም አይታዩም።

"አገኘሁት" አለች። "ጥፋቱ የኔ ነው። ሳላጣራ..."

ከቤቱ ጀርባ የድንጋይ መፋቅ ድምፅ አቋረጣት። ሁለቱም ዞረው ሄዱ። ባርባ ሜሌቲስ በረንዳው ላይ የነበሩትን የአበባ ሸክላዎች ወደ ጥግ ገፍተዋቸዋል፤ በብረት ዘንግ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይፈነቅላሉ። ከድንጋዩ ስር የሟች ሚስታቸው የማሩሶ የዝናብ ውሃ ገንዳ ነበር፣ ስታገባ ቤተሰቦቿ ቤቱን ሲሰጧት አብሮ የመጣ። ማሩሶ "የሰማይ ውሃ ይሻላል" ስትል፣ እሳቸው "የምድር ውሃ ይሻላል" ሲሉ አርባ ዓመት ተጨቃጭቀዋል። ፓምፑ የገባ ዓመት ገንዳውን ከድነው አበባ ያስቀመጡበት እሳቸው ናቸው፤ የጣራው አሸንዳ ግን እስከ ዛሬ ወደዚያው ይፈስሳል።

"ክሪሳንቶስ! ተገትረህ አትይ፤ ድንጋዩን ያዝ!"

ፋርማሲስቱ ያዘ። "ፓምፑ ምን ሆነ ባርባ?"

"ፓምፑ አረፈ። ጉድጓዴ ጨው ገብቶበታል።" ቀና አላሉም። "ጎማውን የበላሁት እኔ ነኝ። እሷ አይደለችም። ማታ እንደዚያ ብለህ ንገራቸው፤ ጮክ ብለህ፣ ወንድሜን የቀበሩት ቄስም እንዲሰሙ።"

ክሪሳንቶስ ድንጋዩን እንደያዘ ፈዝዞ ቀረ። "ቆይ... በየቀኑ ስንት ብርጭቆ ይጠጣሉ?"

"ስምንት፣ ዘጠኝ።"

"እና ግፊቱ..."

"አዎ፣ ግፊቱም! ዓመት ሙሉ ሌባ አድርጋችሁኝ!" አሉና ሳቅ አመለጣቸው። ክሪሳንቶስ ግን አልሳቀም፤ ጆሮው ቀልቶ ነበር።

ድንጋዩ ተነሳ። ከበጋ በኋላ ገንዳው ስር ብዙ ውሃ አልቀረም። ባልዲው በገመድ ወርዶ ከታች ውሃውን መታና ከግማሽ በላይ ሞልቶ ወጣ። ስታማታ ከእፍኟ ቀምሳ ቆመች። ምንም ጣዕም የለውም። ባርባ ሜሌቲስም ቀመሱ።

"ማሩሶ ትሰማኝ ይሆን?" አሉ።

"ትስማ እንጂ" አለች ስታማታ።

"በይ ሂጂ ቶሎ። ጎማው ላይ ጨው ሳይደርቅበት። ሰውየው ቆሞ እያየሽ ነው።"

እውነትም ክሪሳንቶስ ወደ ተጎታቹ ተመልሶ ጎማው አጠገብ ይጠብቅ ነበር። ስታማታ ባልዲውን አንስታ ሄደች። ግራው ጎማ ጋ ስትደርስ ውሃው ከብሎኖቹ ጫፍ ሲንጠባጠብ አየች፤ አልቆመችም። አልፋው ወደ ወጥ ቤት ደጃፍ ሄደች፣ የሽማግሌውን ጆግ ከጠረጴዛው አንስታ የጉድጓዱን ውሃ ደጅ ደፋችው፣ ከባልዲውም በትልቁ ማንቆርቆሪያ ቀድታ ለሽማግሌው መጠጥ ልታፈላው ጋዙ ላይ ጣደችው።

"ስታማታ! ጎማውስ?" አለ ክሪሳንቶስ ከውጭ።

"ይቆያል" አለች፤ ክብሪቱን ጫረች።